የሚሎስን ደሴት በጀልባ መዞር፦ የአንድ ቀን ጉዞ ከዋና ማረፊያዎቹ ጋር

ሚሎስ በግሪክ ኤጂያን ባሕር ላይ፣ ከሳንቶሪኒ በስተ ሰሜን ምዕራብ የሚገኝ እሳተ ገሞራ የሠራው ደሴት ነው። በካርታ ላይ የፈረስ ኮቴ ይመስላል፤ መሐሉን ባሕር ገብቶበት ሰፊ የተፈጥሮ ወደብ ሆኗል። ከዳርቻው ብዙው ክፍል መኪና አይደርስበትም። ገደሉ በቀጥታ ከውሃው ላይ ይነሳል፤ ዋሻዎቹና የድንጋይ ቅስቶቹ ከባሕር ካልሆነ በደንብ አይታዩም። ስለዚህ ሚሎስ ሄዶ ጀልባ ላይ ያልወጣ ሰው ደሴቱን አየሁ ለማለት ይቸግረዋል። ይህ መመሪያ ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካ ወይም ከዓረብ አገሮች ለዕረፍት ወደ ግሪክ ለሚሄድ ሰው የተዘጋጀ ነው። ዋና ለማይችልም ይሆናል።

ከአቴንስ ወደብ ከፒሬዎስ በፈጣን መርከብ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ በተራው መርከብ ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ይፈጃል። ከአቴንስ የሚነሱ አነስተኛ አውሮፕላኖችም አሉ። የቀን ጉዞ ጀልባዎቹ አብዛኞቹ የሚነሱት ከደሴቱ ዋና ወደብ ከአዳማስ ሲሆን የሚወጡት ከጠዋቱ 9 እስከ 10 ሰዓት፣ የሚመለሱት ከምሽቱ 6 ሰዓት አካባቢ ነው። ሰዓቱን ሁሉ የጻፍነው በአገሩ አቆጣጠር ስለሆነ 9 ሰዓት ሲባል በእኛ ሦስት ሰዓት መሆኑን አይርሱ፤ ጀልባ ያመለጠው ሰው ገንዘቡ አይመለስለትም።

ቀኑን የሚመርጠው ነፋሱ ነው

የሚሎስ ጉዞ ሲበላሽ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ሰው ቀኑን ከካሌንደር ላይ ይመርጣል፣ ባሕሩ ግን የሚከፈተውና የሚዘጋው በነፋስ ነው። በጁላይና በኦገስት መልተሚ የሚባል ደረቅ የሰሜን ነፋስ ይነሳል። ይህ ነፋስ ደመናም ዝናብም የለውም፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይዋ እየከረረች ነው የሚነፍሰው። ከሆቴሉ በረንዳ ሆነው «ምን ያምራል ቀኑ!» ሲሉ ወደቡ ላይ ጀልባዎቹ ታስረው ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ጠዋት ረገብ ብሎ ከቀትር በኋላ ይበረታል፤ ሦስት አራት ቀን ሳያቋርጥ ሊቆይም ይችላል።

የነፋስ ኃይል የሚነገረው ቦፎርት በሚባል የደረጃ ቁጥር፣ ፍጥነቱ ደግሞ በባሕር መለኪያ በኖት ነው። 3 ወይም ከዚያ በታች ማለትም እስከ 10 ኖት ከሆነ ደሴቱን ሙሉ በሙሉ መዞር ይቻላል። 4 ሲሆን፣ ከ11 እስከ 16 ኖት ማለት ነው፣ ትልልቆቹ ጀልባዎች ይወጣሉ፤ ነገር ግን ነፋሱ ፊት ለፊት የሚመታውን ዳርቻ ይተዉታል። 5 ላይ፣ ከ17 እስከ 21 ኖት፣ ዙሩ ይቀርና ከነፋሱ ወደተከለለው በኩል ብቻ ደርሶ መመለስ ይሆናል፤ መመለሻውም ማዕበሉን እየተጋፉ ስለሆነ ክፉኛ ይንጣል። 6 ከደረሰ ሻጩ ምንም ቢል አይሂዱ።

ከኃይሉ እኩል አቅጣጫውን ይዩ። ነፋሱ ከሰሜን ሲመጣ ሳራኪኒኮ የሚባለው ነጭ የድንጋይ ባሕር ዳርና የቀረው የሰሜኑ ዳርቻ በማዕበል ይመታሉ፤ ደቡቡ ደግሞ፣ ክሌፍቲኮ፣ ጌራካስና ፊሪፕላካ ያሉበት ማለት ነው፣ በደሴቱ ተከልሎ ይረጋል። ለዚህ ነው በበጋ ጉዞዎቹ ሁሉ ወደ ደቡብ የሚያዘነብሉት። በፀደይና በመኸር ነፋሱ ከደቡብ ሲዞር ነገሩ ይገለበጣል፤ ያን ጊዜ ክሌፍቲኮ ይዘጋና ሰሜኑ እንደ ኩሬ ይረጋል። ካፒቴኑ «ዛሬ መንገድ ቀይረናል» ቢል የሚያዩትን ነገር ሰረቀኝ ብለው አይቆጡ። የሚያስቆጣው ሳይቀይር የሚሄድ ካፒቴን ነው።

በዚህ መሠረት እንዲህ ያድርጉ።

1. ጉዞውን ደሴቱ ከደረሱበት ቀን ማግስት እንዲሆን አድርገው ያስይዙ። ለመጨረሻው ቀን ያስያዘ ሰው ነፋስ ሲነሳ ወደ ነገ የሚያዛውርበት ቀን የለውም።

2. ከመክፈልዎ በፊት ሁለት ጥያቄ በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ጉዞው በነፋስ ቢሰረዝ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ቀን ብቻ ይቀየራል? መንገዱ ቢያጥርስ ዋጋው ያው ነው?

3. ማታ 8 ሰዓት ላይና ጠዋት 6 ሰዓት ላይ ትንበያውን በዊንዲ ወይም በሌላ የነፋስ መተግበሪያ ይመልከቱ። ከአማካዩ ፍጥነት ጎን ድንገተኛ ግፊቱ የተጻፈበት መስመር አለ፤ እሱን ያንብቡ። አማካዩ 12 ኖት፣ ግፊቱ 25 ኖት የሆነበት ቀን ጸጥ ያለ ቀን አይደለም። በምዕራብ በኩል ያለው የፕሮፊቲስ ኢሊያስ ተራራ ከባሕር ወለል 750 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል ነፋሱ እሱን ተሻግሮ በደቡቡ ውሃ ላይ በድንገት ይወርዳል።

4. ወሩን የመምረጥ ዕድል ካለዎት ጁን አጋማሽ ወይም ሴፕቴምበር ይሁን። በሜይ ውሃው 19 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ብዙ ሰው አሥር ደቂቃ ሳይቆይ ተንቀጥቅጦ ይወጣል። በጁን 22፣ በኦገስትና በሴፕቴምበር 24 እና 25 ይደርሳል። ሴፕቴምበር የበጋውን ሙቀት ይዞ መልተሚው የሚደክምበት ወር ስለሆነ ከሁሉ እሱን እናስቀድማለን።

የትኛው ጀልባ?

ጎማ ጀልባ ፈጣን ነው፤ ጠባብ ዋሻ ውስጥ ይገባል፤ ከሌሎቹ ቀድሞም ክሌፍቲኮ ይደርሳል። ግን ማዕበል ላይ እየዘለለ ስለሚወርድ ወገብ ያማል። ነፍሰ ጡር፣ የጀርባ ሕመም ያለበት ሰውና ትንሽ ልጅ አይውጡበት። ካታማራን ሁለት አካል ስላለው ብዙም አይዘምም፤ ጥላ፣ መጸዳጃ ቤትና ወጥ ቤት አለው፤ ወደ ውሃ የሚወርዱበት ደረጃም ዝቅ ያለ ነው። ዋጋው ይበዛል፣ ፍጥነቱ ያንሳል፣ ዋሻ ውስጥ አይገባም፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ትንሿን ጎማ ጀልባ ከኋላው ይጎትትና ሰዎቹን በየተራ ያስገባል። ይህን ያደርግ እንደሆነ ይጠይቁ። ባህላዊው የእንጨት ጀልባ ርካሽና ትልቅ ነው፤ ጎን ለጎን እየተንከባለለ ስለሚሄድ የሚያቅለሸልሸው ሰው ይቸገርበታል፤ ሰውም ይበዛበታል። ዋና ለማይችሉና ከእናት ከአባት ጋር ለሚሄዱ ካታማራን ቢወደድም የሚሻለው እሱ ነው።

ከዋጋው ጋር የሚመጣውን ነገር ለይተው ይወቁ፦ ምሳ፣ ውሃ፣ ፎጣ፣ የውሃ ውስጥ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ፣ ላይፍ ጃኬት በልጅ ልክ። «ሁሉም አለ» የሚል መልስ በቂ አይደለም። አራት ዓመት ልጅ ላይ የአዋቂ ላይፍ ጃኬት ማጥለቅ ጃኬት ከሌለው አይሻልም፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጃኬቱ ወደ ላይ ሾልኮ ይወጣና ልጁ ከታች ይቀራል። እግሩ መሐል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለውን ይጠይቁ።

ዋዜማው፣ ቦርሳውና ምግቡ

ማታ ከባድ ምግብና መጠጥ ይተዉ። ጠዋት ባዶ ሆድም ጥሩ አይደለም፤ ደረቅ ዳቦና ሙዝ ይበቃል። ጀልባ የሚያቅለሸልሽዎት ከሆነ መከላከያ ክኒኑን ከፋርማሲ ገዝተው ከመነሳትዎ አንድ ሰዓት በፊት ይዋጡ። ማቅለሽለሹ ከጀመረ በኋላ የተዋጠ ክኒን ብዙም አይሠራም። እንቅልፍ ስለሚያመጣ ያን ቀን መኪናም ጀልባም አይንዱ። ጀልባው ላይ ወደ ኋላ፣ መሐል ላይ ይቀመጡ፤ ስልክዎን አስቀምጠው ዓይንዎን ከባሕሩና ከሰማዩ መገናኛ መስመር ላይ ያኑሩ።

ቦርሳው ውስጥ ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውሃ፣ ሰፊ ባርኔጣ በማሰሪያ፣ ረጅም እጅጌ ያለው ቀላል ልብስ፣ ፎጣ፣ የጎማ ጫማ፣ ለመመለሻው ነፋስ የማያሳልፍ ስስ ጃኬት፣ ስልክ የሚገባበት ውሃ የማያስገባ ከረጢትና ጥቂት ጥሬ ዩሮ ይግባ። የፀሐይ መከላከያ ቅባቱ የመከላከል ደረጃ (SPF) 50 ይሁን፤ ከመነሳትዎ 30 ደቂቃ በፊት ይቀቡት፣ በየሁለት ሰዓቱና ከየዋናው በኋላ ይድገሙት። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚለው አባባል ሚሎስ ላይ ስህተት ነው። ፀሐይዋ ከላይ፣ ነጩ የአመድ ድንጋይ ከጎን፣ ውሃው ከታች ያንጸባርቃሉ፤ ሙሉ ቀን የዋለ ሰው ትከሻውና አፍንጫው ይላጣል። ሹሩባ የተሠራች ሴት ጸጉሯን ከመዋኘቷ በፊት በንጹሕ ውሃ ታርጥበው፤ ውሃ የጠጣ ጸጉር ጨዋማውን ውሃ ብዙ አይስብም።

ሌላም አንድ ነገር አለ፦ የብር መስቀል፣ የብር ቀለበትና ጉትቻ ሆቴል ይቆዩ። በደቡብና በምሥራቅ ዳርቻ ከመሬት የሚወጣው ጋዝ ድኝ አለው፤ ድኝ ብርን ያጠቁራል።

ምሳው ላይ ጾመኞች የሚጠቅማቸው ቃል አለ። ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ሲሆን በትክክል የጉዞው ገበያ ከሚጦፍበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። ግሪኮችም ከኦገስት 1 እስከ 14 ለእመቤታችን ስለሚጾሙ የጾም ምግብን ያውቁታል፤ «ኒስቲሲሞ» ይሉታል። ስታስይዙ ይህንኑ ቃል ጻፉላቸው። ነገር ግን በእነሱ ሥርዓት ኦክቶፐስ፣ ካላማሪና ሽሪምፕ በጾም ይበላሉ። ስለዚህ «ኒስቲሲሞ፣ ያለ ባሕር ምግብ፣ ያለ ፌታ» ብለው ይጨርሱት፤ አለዚያ የጾም ብለው ኦክቶፐስ ያቀርቡልዎታል። ሙስሊም ተጓዦች ደግሞ «ሂሪኖ» የሚለውን ቃል ይያዙ፤ የአሳማ ሥጋ ማለት ነው፣ የጀልባ ላይ ጥብስ ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ኦገስት 15 የግሪኮች ትልቅ በዓል ስለሆነ በዚያ ሳምንት መርከቡም አልጋውም ጀልባውም ቀደም ብሎ ይያዛል።

ከጀልባ ወደ ውሃ

ብዙዎቻችን ያደግነው ከባሕር ርቀን ነው። ገንዳ ውስጥ የሚዋኝ ሰው እንኳ እግሩ መሬት የማይነካበት፣ ታቹ ሰማያዊ የሆነ ውሃ ላይ ሲደርስ ይደነግጣል። ድንጋጤው ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ትንፋሽ ሲያጥር ሰው ራሱን ከውሃው በላይ ለማውጣት ይታገላል፣ በዚህም ይደክማል። መፍትሔው ቅደም ተከተል መጠበቅ ነው።

መጀመሪያ ሞተሩ መጥፋቱን ያረጋግጡ። ማርሽ መልቀቁ አይበቃም፣ መጥፋት አለበት። ከዚያ ላይፍ ጃኬቱን ጀልባው ላይ ሳሉ አጥብቀው ያስሩት፤ ሰው ከትከሻዎ ላይ ይዞ ወደ ላይ ቢጎትተው ከአገጭዎ ማለፍ የለበትም። በመሰላሉ ፊትዎን ወደ ጀልባው አዙረው ይውረዱ። ከጀልባው ጫፍ አይዝለሉ። ውሃው ደረትዎ ላይ ሲደርስ መሰላሉን እንደያዙ ቆም ይበሉና አሥር ጊዜ በዝግታ ወደ ውጭ ይተንፍሱ። ቅዝቃዜው ትንፋሽ የሚነጥቀው በመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ነው፤ ያ ሲያልፍ ሰውነት ይለምደዋል። ከዚያ በጀርባዎ ይንጋለሉ፣ ጆሮዎ ውሃ ውስጥ ይግባ። ጨዋማው ውሃ ከገንዳ ውሃ ይልቅ ያንሳፍፋል፤ አንገትዎን ካላነሱ አይሰምጡም። ሠራተኛው ከኋላ የሚጥለው ተንሳፋፊ ገመድ ካለ ከእሱ አይራቁ፤ ከሌለ እንዲጥል ይጠይቁ፣ ይህ መብትዎ ነው።

መነጽሩ ጉም እየሠራ የሚያስቸግረው ደረቅ ሆኖ ሲጠለቅ ነው። ውስጡ ላይ ምራቅ ይትፉበት፣ በጣት መስተዋቱን በሙሉ ያሹት፣ በባሕር ውሃ አንዴ ለቅለቅ አድርገው ወዲያው ያጥልቁት። ጸጉር ወይም የሹሩባ ጫፍ ከጎማው ሥር ከገባ ውሃ ያሳልፋል። የጎማውን ማሰሪያ ማጥበቅ አይረዳም፣ እንዲያውም ጎማውን አጣሞ የባሰ ያስገባል፤ ጸጉሩን ነው ማውጣት።

ለመመለስ ግማሽ ጉልበትዎ ሳያልቅ ይዙሩ። ሲወጡ ጀልባው በማዕበል ሲወርድ መሰላሉም አብሮ ስለሚወርድ እግርን ወይም አገጭን ሊመታ ይችላል። ሁለት ማዕበል ይጠብቁ፤ መሰላሉ ወደ ታች ሲወርድ ጠበቅ አድርገው ይያዙት፣ ወደ ላይ ሲነሳ ራሱ ያነሳዎታል።

ዙሩ

ከአዳማስ ሲወጡ በቀኝ በኩል ክሊማ ትታያለች፤ የዓሣ አጥማጆቹ ቤቶች በራቸው ባለ ቀለም ሆኖ ውሃው ላይ ተሰልፈዋል። ዛሬ በፓሪስ ሉቭር ያለችው የሚሎስ ቬነስ ሐውልት በ1820 የተገኘችው ከዚህ በላይ ካለው እርሻ ነው። የባሕረ ሰላጤው አፍ ላይ አርኩዴስ የሚባሉት ድቦች የሚመስሉ ድንጋዮች አሉ። ካሜራ የሚያነሱት እዚህ ነው፤ ከዚያ በኋላ ክፍት ባሕር ስለሆነ ሁለት እጅ ለመያዣ ያስፈልጋል።

በአዳማስ አካባቢና በምሥራቁ ዳርቻ ጥቁር፣ እንደ ጠርሙስ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ አለ። ባልጩት ነው፤ በደቡብ ኢትዮጵያ ቆዳ ፋቂዎች የሚሠሩበት ያው ድንጋይ። ከአሥር ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች ከግሪክ ዋና ምድር በባሕር እየመጡ ከዚህ ይወስዱት ነበር። ባሕር ዳር ቁራጩን ካዩ አይርገጡት፣ ስለቱ እግር ይቆርጣል።

በምዕራቡ ዳርቻ ወደ ደቡብ ሲወርዱ የሲኪያ ዋሻ ይገኛል። ጣራው ተደርምሶ ፀሐይ በቀዳዳው ትገባለች። ጀልባ መግባት የሚችለው ባሕሩ ሲረጋ ብቻ ነው፤ ካፒቴኑ ካልፈለገ አይለምኑት።

ቀጥሎ ክሌፍቲኮ ነው፤ ጉዞው ሁሉ የተደከመለት ቦታ። ስሙ የሌባ ቦታ እንደ ማለት ነው፣ የባሕር ወንበዴዎች መሸሸጊያ ነበር። ድንጋዩ ነጭና ለስላሳ ነው፤ እሳተ ገሞራው የተፋው አመድ ተጠቅጥቆ ድንጋይ ስለሆነ ባሕሩ በቀላሉ እየቦረቦረ ቅስትና ዋሻ ያደርገዋል። ይኸው ልስላሴው አደጋም ነው። ገደሉ ይናዳል። ቁመቱን በዓይንዎ ገምተው ቢያንስ የዚያን ያህል ከገደሉ ሥር ራቅ ብለው ይዋኙ፤ ጥላ ነው ብለው ገደል ሥር አይንጋለሉ። ከላይ ጠጠር ሲንጠባጠብ ከሰሙ ወደ ክፍት ውሃ ይውጡ።

ብዙ ጀልባ የሚደርሰው ከ11 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ትንንሽ ጎማ ጀልባዎች በቅስቶቹ መሐል ይመላለሳሉ፤ የዋናተኛ ራስ ደግሞ ከሩቅ የአንድ ኮኮናት ያህል እንኳ አይታይም። ደማቅ ቀለም ያለው የዋና ቆብ ያድርጉ ወይም ከወገብ የሚታሰር ብርቱካናማ ተንሳፋፊ ይጎትቱ፤ ሁለት ሆነው ይሂዱ። ቅስት ውስጥ ከመግባትዎ በፊት በአፉ ላይ ቆመው አምስት ማዕበል ይቁጠሩ። ውሃው ግድግዳው ላይ ከአንድ ጉልበት በላይ ከፍ ዝቅ ካለ አይግቡ፤ ውስጡ ሲጠብ ማዕበሉ ያድግና ከጣራው ጋር ያላትማል። ረግቶ ከሆነ መሐል መሐሉን ይዋኙ፤ ግድግዳው ላይ የባሕር ጃርት አለ። ከውስጥ ሆነው ወደ መውጫው ዞር ሲሉ ብርሃኑ በነጩ አሸዋ ላይ ሲያርፍ ውሃው ከታች የበራ ይመስላል። እዚያ ላይ ትንሽ ይቆዩ።

ከክሌፍቲኮ ወደ ምሥራቅ ጌራካስ አለ፤ ከገደል ሥር በአሸዋ የተሞላ፣ ከባሕር ብቻ የሚደረስበት። ለማይዋኙ ከማረፊያዎቹ ሁሉ የተሻለው እሱ ነው፤ ታቹ አሸዋ ነው፣ ጥልቀቱ ቀስ በቀስ ነው። ጺግራዶና ፊሪፕላካም በዚሁ በኩል ናቸው፤ የፊሪፕላካ ገደል ቀይ፣ ቢጫና ነጭ ተደራርቦበታል።

ፓሊዮሆሪ ላይ እሳተ ገሞራው ገና አልተኛም። ከባሕሩ ወለል አረፋ ይወጣል፣ አሸዋውም በቦታ በቦታው ይሞቃል፤ ባሕር ዳር ያለ ምግብ ቤት ድስቱን አሸዋ ውስጥ ቀብሮ ያበስላል። መነጽር አድርገው ሦስት አራት ሜትር ጥልቀት ላይ ቢያዩ አረፋው እንደ ዶቃ ተሰክቶ ሲወጣ ይታያል። እግርዎን ከመትከልዎ በፊት በእጅዎ ይሞክሩት፣ ያቃጥላል። የተበላሸ እንቁላል የሚሸትበት የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ራስዎን አያስገቡ፤ የድኝ ጋዝ ሲበዛ አፍንጫን አደንዝዞ ሽታው የጠፋ ያስመስላል።

በምሥራቅ በኩል ቲዮሪሂያ የድሮው የድኝ ማዕድን ነው። ቢጫው አፈር፣ የዛገው ብረት፣ የፈራረሰው ሕንጻ ከጀልባ ላይ በደንብ ይታያል። ከወረዱ ባሕር ዳሩ ላይ ይቁሙ፤ ዋሻዎቹ ውስጥና ጣራ ሥር አይግቡ።

ከዚያ በሚሎስና በጎረቤት ደሴቷ በኪሞሎስ መሐል ባለው መተላለፊያ ወደ ሰሜን ይወጣል። አንዳንድ ጀልባ እዚህ ጋ ወደ ፖሊዬጎስ ያቀናል፤ ሰው የማይኖርበት፣ ውሃው ጥርት ያለ ደሴት ነው። ጊዜ አጥሮ ፖሊዬጎስን ወይም የሰሜኑን ዳርቻ መምረጥ ካለብዎት ፖሊዬጎስን ይምረጡ፤ ሳራኪኒኮን በማግስቱ በመኪና ሄደው ያዩታል። ሰሜኑ ላይ ግላሮኒሲያ የሚባሉት ደሴቶች ላቫው ሲቀዘቅዝ ተሰነጣጥቆ የሠራቸው ቋሚ ዓምዶች ናቸው። ከሩቅ ማየት ይበቃል።

ራስዎ ጀልባ ከተከራዩ

በግሪክ እስከ 30 የፈረስ ጉልበት ሞተር ያለውን ጀልባ 18 ዓመት የሞላው ሰው ያለ መንጃ ፈቃድ መከራየት ይችላል። በእንዲህ ያለ ጀልባ ደሴቱን ሙሉ በሙሉ ለመዞር አይሞክሩ፤ አከራዩም የት ድረስ መሄድ እንደሚችሉ በካርታ ያሳይዎታል። ነዳጁን በሦስት ይክፈሉት፦ አንዱ መሄጃ፣ አንዱ መመለሻ፣ አንዱ መጠባበቂያ። የሞተሩን ማጥፊያ ቀይ ገመድ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ከእጅ አንጓዎ ያስሩት፤ ከጀልባው ቢወድቁ ሞተሩን የሚያጠፋው እሱ ነው።

መልሕቅ የሚጣለው እንዲህ ነው። ነጣ ብሎ የሚታየው ታች አሸዋ ነው፣ እዚያ ይጣሉ፤ ጠቆር ያለው የባሕር ሣር ወይም ድንጋይ ነው። ሣሩ በሕግ የተጠበቀ የዓሣ መራቢያ ነው፤ መልሕቁም አይይዝበትም። የጀልባውን ፊት ወደ ነፋሱ አዙረው ያቁሙት፤ መልሕቁን አይወርውሩት፣ በእጅዎ ዝቅ ያድርጉት። ጀልባው ወደ ኋላ እየሄደ ሰንሰለቱንና ገመዱን ይልቀቁ፤ ርዝመቱ ከጥልቀቱ አምስት እጥፍ ይሁን፣ 5 ሜትር ላይ 25 ሜትር ማለት ነው። አጭር ገመድ መልሕቁን ወደ ላይ ስቦ ይነቅለዋል፤ የሚጎተቱት ጀልባዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ምክንያታቸው ይህ ነው። በቀስታ ወደ ኋላ ማርሽ ሰጥተው ያጥብቁት። ከዚያ በዳርቻው ላይ አንዱ ከሌላው ኋላ የቆሙ ሁለት ድንጋዮችን መርጠው ለአሥር ደቂቃ ይመልከቱ፤ ድንጋዮቹ እርስ በርስ ከተንሸራተቱ ጀልባው እየሄደ ነው። እስኪረጋ ድረስ ማንም አይዋኝ፣ አንድ ሰውም ሁልጊዜ ጀልባው ላይ ይቅር።

ስልክዎ ላይ ሁለት ቁጥር ይመዝገብ፦ 108 የግሪክ የባሕር ጠባቂ፣ 112 የአውሮፓ የአደጋ ጊዜ። በጀልባው ሬድዮ ቻናል 16 ነው።

ሲወጋና ሲነድፍ

የባሕር ጃርት እሾህ ከገባ በሞቀ ውሃና በኮምጣጤ ዘፍዝፈው በወረንጦ በቀጥታ ወደ ላይ ይሳቡት፤ ወደ ጎን ከጠመዘዙት ውስጡ ይሰበራል። አሸዋ ውስጥ የሚደበቅ መርዛማ ዓሣ ከወጋ፣ ሕመሙ ድንገተኛና ኃይለኛ ነው፣ እግሩን ሊታገሡት በሚችሉት ሙቅ ውሃ፣ እስከ 45 ዲግሪ፣ ለ30 ደቂቃ ይንከሩት፤ ሙቀቱ መርዙን ያዳክማል። ቀዝቃዛ ውሃና በረዶ ይህን አያደርጉም። የውሃውን ሙቀት ሌላ ሰው በእጁ ይፈትነው፤ የተወጋ እግር ሲቃጠል አያውቀውም። ጄሊፊሽ ከነካ ደግሞ በባሕር ውሃ ብቻ ያጥቡት፤ አይሹት፣ የመጠጥ ውሃም አያፍሱበት፤ ያልፈነዱትን የመርዝ ከረጢቶች ያፈነዳቸዋል። ፊት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ወዲያው ለካፒቴኑ ይንገሩ።

ምሽት ላይ ጸጉርዎንና ቆዳዎን በንጹሕ ውሃ ይታጠቡ፤ መነጽሩንም ለብ ባለ ውሃ አለቅልቀው ጥላ ላይ ያድርቁት፣ ፀሐይ ጎማውን ያደርቀዋል። አልጋ ላይ ሲጋደሙ ክፍሉ እንደ ጀልባ ቢወዛወዝ አይስጉ፤ ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን ገና ባሕር ላይ ስለሆነ ነው፣ በማግስቱ ይተዋል።